«ሰላም እያለች ነው» ብለን ስንስቅ

ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር፣ ዋርካው ሥር ቡና እየጠጣን ነው። የጎረቤታችን ልጅ ዓመት ከስድስት ወሩ ነው። የደንገል ታንኳ ባየ ቁጥር ሁለት እጁን እንደ ወፍ ክንፍ ያራግባል። እኛ እንስቃለን፣ እናቱ ግን አልሳቀችም። «ማታ ደግሞ ከመተኛቱ በፊት ጭንቅላቱን ከአልጋው ጋር ያጋጫል» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ክርክሩ ከዚህ ተነሣ።

«ዓይን በልቶት ነው» አሉ እማማ። «ሰባት ቀን ጸበል አስጠምቂው፣ ይለቀዋል።»

ባጃጅ ነጂው ሳቀ። «ኧረ እማማ! የኔም ልጅ ግድግዳ ሲደበድብ ነው ያደገው። አሁን አምስት ዓመቱ ነው፣ የሚደበድበው እኔን ነው። ዝም በሉት፣ ይተወዋል።»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሴት እስካሁን አልተነፈሰችም። «ዝም በሉት ተብዬ ነው እኔ የተቃጠልኩት» አለች። ልጇ በስድስት ወሯ፣ ከእንቅልፏ ስትነቃ ጎንበስ ትልና እጇን ዘርጋ ታደርጋለች። አንድ ሁለት ሰከንድ ነው። ትንሽ ቆይታ እንደገና፤ አሥርም ሃያም ጊዜ። «ሰላም እያለች ነው» እየተባለ ቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር። አንዱ ቁርጠት ነው አለ፣ ሌላው ድንጋጤ። ሐኪም ዘንድ የወሰዷት መቀመጥ ጀምራ የነበረችው ልጅ መቀመጥ ካቃታት በኋላ ነው።

«ታዲያ የኔም እንደሷ ነው?» እናትየዋ ደነገጠች።

«እስቲ በስሙ ጥሪው።»

ጠራችው። እጁን ተወና ዞሮ አያት። ከዚያ በጣቱ ታንኳውን አሳያት።

«ይኸው፣ ሰምቶሻል።»

እማማ አልተረቱም። «ጸበሉስ?»

«ጸበሉን ማን ከለከለ እማማ? ሐኪሙን ግን አያስቀርም።»

እኔ የምፈርደው ለዚህች ሴት ነው። ነጂውም አልዋሸም፤ ለእንቅልፍ ሲሉ መወዝወዝና ጭንቅላት ማጋጨት በጤነኛ ሕፃናትም የተለመደ ነው፣ ብዙዎቹ ሦስት አራት ዓመት ሲሞላቸው ይተዉታል። ጥፋቱ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጡ ነው። እጅ ማራገብም ብቻውን አያስደነግጥም። በስሙ ሲጠሩት የማይዞር፣ በጣቱ የማይጠቁም ወይም የጀመረውን ቃል የተወ ልጅ ግን ለኦቲዝም መታየት አለበት። ዓመት ያልሞላው ሕፃን እየተደጋገመ ጎንበስ ጎንበስ ካለ ደግሞ ነገ ዛሬ የለም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዌስት ይህን በ1841 እ.ኤ.አ. ላንሴት ለሚባለው የሕክምና መጽሔት ሲጽፍ ያየው በገዛ ልጁ ላይ ነበር። የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው። የያኔዎቹ ሐኪሞች ያወጡለት ስም ምን መሰላችሁ? «ሰላም»።

እናትየዋ የማታውን በስልኳ ቀርጻ ለሐኪም ልታሳይ ወሰነች። ልጅ ሐኪም ፊት አድርግ ቢሉት መች ያደርጋል!

እማማ በረካውን ጨልጠው ተነሡ። «ቀርጸሽ ለሐኪሙ ብቻ» አሉ፤ «ለሌላ ሰው እንዳታሳዪ። ዓይን ነው።»