ማስተካከያ፦ ስለ ዲሲ አስተናጋጆች ክፍያ የጻፍኩት

ባለፈው «ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ምግብ ቤቶች ለአስተናጋጅ በሰዓት 17.50 ዶላር ከኪሳቸው ይከፍላሉ፣ ትናንሾቹ ቤቶችም ሠራተኛ ከመቀነስ ሌላ አማራጭ የላቸውም» ብዬ ጽፌ ነበር። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

17.50 የከተማዋ አጠቃላይ ዝቅተኛ ደመወዝ ነበር። ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ ቤቱ በቀጥታ የመክፈል ግዴታ የነበረበት 10 ዶላር ነው። መራጩ በ2022 ያጸደቀው፣ ይህን ክፍያ የሚያሳድገው ሕግ (ኢኒሺየቲቭ 82) ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ደግሞ 5.35 ነበር። ቲፑ ተደምሮ አጠቃላዩን ካልሞላ ጎደሎውን የሚሞላው አሠሪው ነው። ይህን መዝለሌ ቀላል ስህተት አይደለም፣ ምክንያቱም መብቱን ሳያውቅ እዚያ ደፋ ቀና የሚል ወገናችን ብዙ ነው።

ባለቤቶቹም መንገዳቸው አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ዋጋ ይጨምራል፣ አንዱ የሥራ ሰዓት ይቀንሳል፣ ብዙዎቹ ደግሞ ቢሉ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ አስገብተዋል። በቀደም አንድ ሐበሻ ቤት ቢሉን ሳየው ከበያይነቱና ከሁለቱ ቡና ሥር 20 ፐርሰንት ተጽፏል። እሱ ቲፕ አይደለም። ለአስተናጋጇ ይደርሳታል ብላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ለምን እንደሚውል ጠይቁ።