የሌሊት ተረኛ ብሶት

ከኮዬ ፈጬ ተነሥቼ ለሌሊት ተራ መሀል ከተማ ለመድረስ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት መውጣት ግድ ይሆንብኛል፤ የቱሉ ዲምቱ መንገድ ከተዘጋጋ ርክክቡ ላይ ማርፈዴ አይቀርም፣ ያረፈደች ነርስ ደግሞ የፊርማ መዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይሰመርባታል። የሚገርመው፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያችን ሦስት ወር ሲያረፍድ በቀይ የሚያሰምርበት ሰው አለመኖሩ ነው።

ዘንድሮ የሁዳዴን 55 ቀን ጾሜ፣ ቢያንስ የስቅለት ዕለት ለመስገድ ስል ከባልደረባዬ ጋር ተራ ተቀያይሬ ነበር። ሆኖም ማለዳ የሚረከበኝ ሰው ባለመምጣቱ፣ ነጠላዬ በፌስታል ተጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ እንደተቀመጠች፣ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ግሉኮስ ስቀይርና ሙቀት ስለካ ዋልኩ፤ ሰፈሬ ካለው ደብር ስደርስ ምእመኑ እየተበተነ ነበር። (በሽተኛ መርዳትም ስግደት ነው የሚሉኝ አሉ፤ ይህን የሚሉኝ ግን ሰግደው የመጡት ናቸው።)

ቀን መተኛትማ አይታሰብም። የአምስት ዓመት ልጄ «ዛሬም እዚያ ታድሪያለሽ?» እያለች የጋቢዬን ጫፍ ትጎትታለች። እርሷን አባብዬ ዓይኔን ስከድን፣ «ሲስተርዬ፣ እባክሽ አልጋ አስይዢልን» የሚል ጎረቤት በሩን ያንኳኳል፤ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል የገዛ እናቴ ለአልትራሳውንድ ሁለት ወር ቀጠሮ እንደጠበቁ ብነግረው አያምነኝም።