እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት ይቅር!

ኧረ ወገን፣ ክረምት በገባ ቁጥር ይህን ነገር ማየት ሰለቸን! አዲስ አበባ ላይ ቤቱን ለመሸጥ ያሰበ ሰው ሐምሌ ላይ ደላላ ይጠራል። ደላላው ግድግዳው ግርጌ ላይ ያለውን ሻጋታ ያይና «ነጭ ቀለም ጣል አድርጉበት፣ ነገ ገዥ ይዤ እመጣለሁ» ይላል። ይቀባል። ብዙም ሳይቆይ ቀለሙ ያብጥና ይላጣል፣ ከሥሩም ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው ይወጣል። በዚያ ሰሞን የመጣ ገዥ «ሌላስ ምን ደብቀው ይሆን?» ብሎ ቢጠረጥርና ጥገናው ከሚያስወጣው በላይ ዋጋ ቢቆርጥ ምን ይፈረድበታል?

ውኃ ያዘለ ግድግዳ ውኃውን የሚያስወጣው በገጹ በኩል ነው። ሲወጣ ከሲሚንቶውና ከብሎኬቱ ያሟሟውን ጨው ይዞ ይመጣል። ቀለም ሲደፈንበት ጨውና ውኃው ከጀርባ ይገፋሉ። ዘይት ቀለም ደግሞ ይብሳል፣ ጭራሽ አያስተነፍስም። አዲስ ልስን በደህና ጊዜ እንኳ ቀለም እስኪችል አራት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብማ ከዚያም በላይ። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ ለማድረቅ የሚሞክር አለ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል፣ እባካችሁ ተዉት።

መጀመሪያ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ እወቁ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጋችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉና አንድ ቀን አቆዩት። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ፣ ከግድግዳው በኩል ከሆነ ውኃው ግድግዳው ውስጥ አለ። ከፊት ከሆነ የክፍሉ እንፋሎት ነው፤ እሱን መስኮት መክፈት ይፈታዋል።

ከላይ የሚመጣ ከሆነ ኮርኒሱን ከፍታችሁ በባትሪ እዩ። ቆርቆሮ የሚያፈሰው አብዛኛውን ጊዜ በምስማሩ በኩል ነው፤ ከምስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ወይም ሠራተኛው ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ መትቶታል። ምስማር የሚመታው የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው! አሸንዳውንም ጥረጉ። በየ2 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ካላዘቀዘቀ ውኃው ይተኛና በግድግዳው በኩል ይፈሳል። ይህን ሁሉ ዝናብ ጋብ ባለበት ጠዋት መሥራት ይቻላል፣ ወጪውም ከቀለሙ አይበልጥም።

ከታች የሚመጣው ነው ከባዱ። ሰፈሩ ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ይልና ግቢው ጎድጓዳ ሆኖ ይቀራል፤ የመንገዱ ጎርፍ በበሩ ይገባል። አንዳንዱ ደግሞ የአትክልት አፈር ግድግዳው ላይ ይቆልላል። የውጭው መሬት ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። አፈሩን ቆፍራችሁ አንሱ፣ የቤቱን ዙሪያ ውኃው ወደ ውጭ በሚሄድበት አኳኋን ሊሾ አስደርጉ፣ ከአሸንዳ የሚወርደውንም በቱቦ አርቁት። ከዚያ የበሰበሰውን ልስን አስፍቃችሁ ግድግዳውን ራቁቱን ተዉት። አዎ፣ ራቁቱን! ለገዥው «ምክንያቱ ይህ ነበር፣ እንዲህ አስተካከልነው፣ ሲደርቅ የሚለሰነው ይህን ያህል ካሬ ነው» በሉትና የግንበኛውን ዋጋ በወረቀት አሳዩት። የሚቆረጠው ያ ብቻ ይሆናል። መረሬ (ጥቁር ጭቃ) አፈር ላይ የተሠራ ቤት ከመስኮት ጥግ ሰያፍ ስንጥቅ ካለው ግን በቻክ አትድፈኑት። አፈሩ በክረምት እያበጠ በበጋ ስለሚኮማተር ተመልሶ ይከፈታል፤ መሐንዲስ ይየው።

«ክረምት ላይ ገዥ የለም» የሚባለውም ልክ አይደለም። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ብዙ ሰው የሚመጣው ልጆች ትምህርት በሚዘጉበት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ቶሎ ተመልሶ ስለሚሄድ ጊዜ የለውም፣ ወረቀቱ የተሟላ ቤት ይፈልጋል። ካርታውን፣ የዕዳና እገዳ ማጣሪያውን፣ የጋብቻ ማስረጃውን ቀድማችሁ አዘጋጁ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚቀየር የአዲሱን ዓመት ግብር አስቀድማችሁ ጠይቁ። የውርስ ቤት ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤት ለእረፍት ከመዘጋቱ በፊት የወራሽነት ማስረጃውን ጨርሱ። ጳጉሜ ሲደርስ የአገር ቤቱ ገዥ በበዓልና በትምህርት ቤት ክፍያ ይወጠራል፤ እስከዚያ አትጎትቱት።

ደላሎችም ስሙ! ቀጠሮ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያዙ፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጠዋት ቤቱም ብርሃን አለው። ገዥው «ዝናብ ሲጥል ልይ» ካለ ግን አትከልክሉት። ነሐሴ ላይ ዶፍ እየወረደ ኮርኒሱና ግርጌው ደርቆ የታየን ቤት ማንም በእርጥበት ሰበብ ዋጋ ሊሰብረው አይችልም።