ራሙን ተዉትና ዕቃውን አስይዙኝ!

ኧረ ሰለቸኝ! ትልቅ ኢ-ኢንክ ታብሌት (ስክሪኑ እንደ ወረቀት የሚነበብ) ልገዛ ነው ባልኩ ቁጥር ድሬ ላይ የሚመጣልኝ ጥያቄ "ራሙ ስንት ነው?" ብቻ ነው፤ ያው ዕቃው ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ማለታቸው ነው። የታብሌቱን ክብደት የሚጠይቅ የለም! ከዚራ ጥላ ስር፣ በዚያ ሙቀት፣ መዳፍ በላብ ርሶ 13.3 ኢንች ስክሪን በአንድ እጅ መያዝ ምን እንደሆነ የያዘው ያውቀዋል። ጠርዙ ጠባብ ከሆነ አውራ ጣት ስክሪኑን ይነካና ገጹ ሳትፈልግ ይገለበጣል፤ ያነበብካት መስመር ጠፋች። ጀርባው ባያንሸራትት፣ ጎኑ ላይ ገጽ መቀየሪያ ቁልፍ ቢኖረው እኮ ግማሹ ጣጣ ያልቃል!

ሪማርከብል 2 የተባለው ኢ-ኢንክ ታብሌት እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ራሙ 1 ጊጋባይት ብቻ ነበር፤ ውፍረቱ ግን 4.7 ሚሊሜትር። ለእኔ የሚበልጠው ይሄ ነው። ፒዲኤፍ ለማነብበት ስምንት ኮር (የማስሊያ ክፍል) ያለው ፕሮሰሰር ምን ያደርግልኛል? ሻጮች፣ እባካችሁ፣ የካርቶኑን ጽሑፍ ከማንበባችሁ በፊት ዕቃውን አውጡና እጄ ላይ አስቀምጡልኝ።