ህንድን ያስረከባት ከቀረጥ ነፃ ወረቀት ነው

ህንድ እንዴት ቅኝ ተገዛች ብላችሁ ብትጠይቁ ከአብዛኛው ሰው የምታገኙት መልስ አንድ ዓይነት ነው። ፖርቹጋላዊው ቫስኮ ዳ ጋማ በባሕር መጣ። መድፍ ይዞ ነበር። ህንዶች አልቻሉትም። አለቀ። ትምህርት ቤት የተማርነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለፈተና ለመሸምደድ ይመቻል።

ችግሩ በመሃል ያለው ዘመን ነው። ጋማ ካሊካት የደረሰው በ1498 ነው። እንግሊዞች ቤንጋልን ለመያዝ በር የከፈተላቸው የፕላሲ ውጊያ የተካሄደው ደግሞ በ1757 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመካከሉ 259 ዓመት አለ። ከአፄ ቴዎድሮስ ንግሥ እስከ ዛሬ ያለው ጊዜ እንኳ ይህን ያህል አይሞላም። መድፍ ብቻውን አገር የሚያስረክብ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዘመን ምን አስጠበቃቸው? የእኔ መልስ የጉምሩክ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ሊያሰለች ይችላል። ህንድን አሳልፎ የሰጣት ከመድፉ ይልቅ ከቀረጥ ነፃ ወረቀት ነው ባይ ነኝ።

ጋማ ለካሊካቱ ንጉሥ፣ ለሳሙቲሪ፣ ያዘጋጀው ስጦታ አብሮት በተጓዘ ሰው ማስታወሻ ላይ ሰፍሯል። 12 ቁራጭ ባለመስመር ጨርቅ፣ 4 ቀይ ቆብ፣ 6 ባርኔጣ፣ 4 ጉንጉን መርጃን፣ 6 የእጅ መታጠቢያ ሳህን፣ አንድ ሳጥን ስኳር፣ 2 በርሜል ዘይት፣ 2 በርሜል ማር። የንጉሡ ሹማምንት አይተው ሳቁ። ከመካ የሚመጣ ድሃ ነጋዴ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይሰጣል አሉት። እውነታቸውን ነበር። ካሊካት የዓረቡም የጉጃራቱም ነጋዴ የሚርመሰመስባት ወደብ ናት። ቁንዶ በርበሬ የሚገዛ ሰው ወርቅና ብር ይዞ ይቀርባል። ባርኔጣ ማን ይፈልጋል?

ከጋማ መርከቦች መጀመሪያ ወደ ከተማው የተላከውን ሰው ያነጋገሩት ደግሞ ከቱኒዝ የመጡ ሁለት ሙስሊሞች ነበሩ። በሚያውቀው ቋንቋ ሰይጣን ይውሰድህ፣ ምን እግር ጥሎህ መጣህ አሉት። ክርስቲያንና ቅመም ፍለጋ ብሎ መለሰ።

ፖርቹጋሎቹ በንግድ እንደማይሆንላቸው ሲገባቸው ወደ ጉልበት ሄዱ። እዚህ ላይ የመድፉን ነገር አልክድም። ጋማ በ1502 ተመልሶ ሲመጣ የመካ ተጓዦችን የጫነች መርከብ ከነሰዎቿ አቃጠለ። በ1510 የፖርቹጋሉ አዛዥ አልቡከርክ ጎዋን ያዘ፤ ማላካና ሆርሙዝ ተከተሉ። ከዚያ ካርታዝ የሚባል ይለፍ አወጡ። ይህን ወረቀት ያልያዘ መርከብ ይወረሳል። የያዘው ደግሞ በእነሱ ወደብ በኩል አልፎ ቀረጥ ይከፍላል። ባሕር ላይ የተዘረጋ ኬላ ማለት ነው። ግን ኬላው ባሕር ላይ ብቻ ነው። ከጠረፉ ትንሽ ገባ ካላችሁ ለፖርቹጋል ቁብ የሚሰጥ የለም። ኤደንን በ1513 ሞክረው አቃታቸው። ስለዚህ ቀይ ባሕርን መዝጋት ተሳናቸው፤ ቁንዶ በርበሬው በዚያ በኩል ማለፉን ቀጠለ።

ይህ ክፍል እኛንም ይነካል። እቴጌ እሌኒ ማቴዎስን ወደ ፖርቹጋል ሲልኩት መንገዱ በጎዋ በኩል ነበር። በ1541 400 ባለጠመንጃ ይዞ ከምጽዋ ወደ መሃል አገር የዘመተው ክሪስቶቫኦ የዚሁ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነው። መርከቦቹን ያመጣው ወንድሙ ኢስቴቫኦ ደግሞ ጎዋ ላይ ተቀምጦ የፖርቹጋልን ህንድ የሚያስተዳድር ገዥ ነበር። ጉዞው የታሰበው ስዊዝ ያሉትን የቱርክ መርከቦች ለማቃጠል ነው። ክሪስቶቫኦ የተላከልን ከዚያ ሲመለሱ ነው። እኛ ታሪኩን በሃይማኖት ጦርነት በኩል ብቻ ስለምናወራው የቅመሙ ንግድ ይረሳናል።

እንግሊዞች የምሥራቅ ህንድ ኩባንያቸውን ያቋቋሙት በ1600 የመጨረሻ ቀን ነው። ሆላንዶች ከሁለት ዓመት በኋላ የራሳቸውን መሠረቱ፤ በገንዘብም በመርከብም ብዙ እጥፍ ይበልጧቸው ነበር። ምርጡ ቅመም፣ ቅርንፉዱና ገውዙ፣ ያለው ዛሬ ኢንዶኔዢያ በምንላቸው ደሴቶች ነው። ሆላንዶች እዚያ ማንንም ማስጠጋት አልፈለጉም። በ1623 አምቦይና ላይ 10 እንግሊዞችን በሴራ ከሰው አንገታቸውን ቀሉ። እንግሊዞች ህንድ ላይ የሙጥኝ ያሉት ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለተኛ ምርጫቸው ነበረች።

በ1615 ቶማስ ሮ የተባለ አምባሳደር አብዛኛውን ሰሜን ህንድ ይገዛ ወደነበረው የሙጋል ንጉሠ ነገሥት ወደ ጃሃንጊር ላኩ። ሮ ለዓመታት ደጅ ጠና። ጃሃንጊር የዘመኑን ነገር በዝርዝር ባሰፈረበት ማስታወሻ ውስጥ ስሙን እንኳ አላነሳውም። እየደጋገመ ያነሳውና የሰደበው ሌላ ሰው ነው። ማሊክ አምበር ይባላል። ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ፣ መሃል ህንድ ዴካን ገብቶ አህመድናጋር የሚባል ግዛት እንደራሴ የሆነ ሰው። የሙጋልን ጦር በደፈጣ ሲያስመርር ኖረ። ንጉሠ ነገሥቱ በጦር ሜዳ ስላቃተው፣ የአምበርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። ሥዕሉ ዛሬም አለ። የእንግሊዙ አምባሳደር በዚያው ግቢ ስለ ቀረጥ ደብዳቤ ሲለምን የግቢው ራስ ምታት ሐበሻ ነበር። እዚህ ጋ ትንሽ ኩራት ቢጤ ቢሰማኝ አይፈረድብኝም።

ሮ ግን ሞኝ አልነበረም። ትርፍ ከፈለጋችሁ በባሕርና በሰላም ንግድ ፈልጉት ብሎ ኩባንያውን መከረ። ምሽግና የየብስ ጦርነት ፖርቹጋሎችን አደኸያቸው እንጂ አልጠቀማቸውም አለ። ኩባንያው ምክሩን 70 ዓመት ገደማ ሰማ። በ1686 ረሳው።

በዚያ ዓመት የኩባንያው አለቃ ጆሳያ ቻይልድ የዘመኑን የሙጋል ንጉሠ ነገሥት ኦራንግዜብን ለመዋጋት ተነሳ። ውጤቱ ውርደት ሆነ። የዛሬዋን ሙምባይ፣ ያኔ ቦምቤይን፣ ከብቦ ያስጨነቃት የሙጋል የባሕር አዛዥ ሲዲ ያቁብ ነው። ሲዲዎቹ የጃንጂራ ደሴት ጌቶች ናቸው፤ ዘራቸው ከኢትዮጵያና ከምሥራቅ አፍሪካ ይመዘዛል። እንግሊዞቹ ምሽጋቸው ውስጥ ተዘግተው ከረሙ። በመጨረሻ መልእክተኞቻቸው እጃቸውን ታስረው ኦራንግዜብ ፊት ተደፉ። 150,000 ሩፒ ተቀጡና እንደገና እንዲነግዱ ተፈቀደላቸው። ጊዜው 1690 ነው። መድፉ እዚያው እጃቸው ላይ ነበር።

ፈረንሳዮች ዘግይተው ነው የመጡት። ፖንዲቼሪን የመሠረቱት በ1674 ነው። ከ1740ዎቹ ጀምሮ ግን አውሮፓ ውስጥ የተጀመረ ጠብ ህንድ ድረስ ይመጣ ጀመር። በ1746 ፈረንሳዮች ማድራስን ያዙ። የአካባቢው ናዋብ፣ ማለትም አገረ ገዥ፣ ሊያስለቅቅ የላከውን ብዙ ሺህ ጦር ጥቂት መቶ የሠለጠኑ ወታደሮች አዲያር ወንዝ ላይ በተኑት። ከሁለት ዓመት በኋላ ማድራስ ሰሜን አሜሪካ ባለ ምሽግ፣ በሉዊስበርግ፣ ተለውጣ ለእንግሊዝ ተመለሰች። የከተማዋን ሰው የጠየቀ የለም።

መድፍ ነው የሚሉት ሰዎች ከአዲያር የተሻለ ማስረጃ የላቸውም፤ ጥሩ ማስረጃም ነው። የሠለጠነ እግረኛ ጦር ብዙ ነገር ቀይሯል። ግን ያ ጦር ማን ነበር? እየዋለ ሲያድር አብዛኛው ሲፖይ፣ ማለትም ደመወዝ የሚከፈለው የህንድ ወታደር ሆነ። ደመወዙስ ከየት መጣ?

በ1715 በጆን ሰርማን የሚመራ የኩባንያው ልዑክ ዴልሂ ገባ። ኦራንግዜብ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዙፋኑ መንገዳገድ ጀምሯል። ንጉሠ ነገሥቱ ፋሩክሲያር ሊያገባ ሲል እብጠት ታመመና ሠርጉ ተራዘመ። የልዑኩ ሐኪም ዊልያም ሃሚልተን አከመው፤ ዳነ። ሠርጉ ተደገሰ። የፈለጉት ፊርማን፣ ማለትም የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ፣ ግን ሌላ ረጅም ደጅ ጥናትና ብዙ ጉርሻ ጠይቆ በ1717 ወጣ። ኩባንያው በዓመት 3,000 ሩፒ ብቻ እየከፈለ ቤንጋል ውስጥ ከቀረጥ ነፃ እንዲነግድ ተፈቀደለት። ቤንጋል ማለት የሙጋል ግዛት ሀብታሟ ክፍል ናት። ሐሩም ጥጥ ጨርቁም ከዚያ ነው።

አሁን ኬላው ላይ ቆመን እንየው። የኩባንያው ዕቃ ሲያልፍ ዳስታክ የሚባል ይለፍ ይታያል። ቀራጩ አይነካውም። ይለፉ የተሰጠው ለኩባንያው ዕቃ ነበር። ይሁን እንጂ የኩባንያው ሠራተኛ ደመወዙ ትንሽ ነው፤ በግሉ መነገድ ይችላል። ስለዚህ የራሱን ጨውና ትምባሆ በኩባንያው ይለፍ ያሳልፋል። ይባስ ብሎ ይለፉን ለአገሬው ነጋዴ ይሸጥለታል። በኢንቨስትመንት ስም ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ሌላ ሥራ ሲሠራበት ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የናዋቡ ካዝና ይሳሳል። ቀረጥ የሚከፍለው ነጋዴ ከማይከፍለው ጋር መወዳደር ያቅተዋል። ወይ ይከስራል፣ ወይ እሱም ይለፍ ይገዛል።

ጠንካራ ናዋቦች እያሉ ነገሩ በልክ ተይዞ ቆየ። በ1756 ሲራጅ ኡድ ዳውላ የቤንጋል ናዋብ ሆነ። ገና ወጣት ነው፤ ግልፍተኛም ነበር ይባላል። ቅሬታው ግን ተጨባጭ ነው። በይለፍ እያጭበረበራችሁ ነው፣ ያለ ፈቃድም ምሽግ ታጠናክራላችሁ አላቸው። ምሽጉን ፈረንሳይን ፈርተን ነው ያሉት። የቤንጋል መቀመጫቸውን ካልካታን ወረረባቸው። የኩባንያው የጦር አዛዥ ክላይቭ ከማድራስ መጥቶ አስመለሳት። ከዚያ ፕላሲ መጣ። በክላይቭ በኩል 3,000 ያህል ሰው ነበር፤ አብዛኛው ሲፖይ። በናዋቡ በኩል 50,000 ገደማ ተሰልፏል፤ ከዚያ ውስጥ ከእንግሊዞች ጋር የተሻረከው የናዋቡ የጦር አለቃ፣ የሚር ጃፋር፣ ጦር ቆሞ አየ።

እኔን ሚር ጃፋር አይገርመኝም። ከሃዲ የሌለበት ታሪክ የለም። የሚገርሙኝ ጃጋት ሼቶች ናቸው። የናዋቡ ግብር በእጃቸው የሚያልፍ፣ ለአውሮፓ ኩባንያዎችም የሚያበድሩ፣ የቤንጋል ትልልቅ ባለባንኮች። ሴራው ውስጥ ገቡበት። ገንዘባቸው ኩባንያው በየዓመቱ በመርከብ ከሚያመጣው ብር ጋር ተሳስሮ ነበርና ሂሳቡን ሠርተው መረጡ።

ወረቀቱ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው በደንብ የሚያሳየው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እንግሊዞች ከፕላሲ በኋላ ናዋብ ያደረጉትን ሚር ጃፋርን አውርደው በ1760 ሚር ቃሲምን አስቀመጡ። ሚር ቃሲም ስለ ይለፉ ደጋግሞ አቤት አለ፤ የሰማው የለም። በ1763 ቀረጡን ለሁሉም ነጋዴ አነሳው። እናንተ ካልከፈላችሁ የእኔም ሰው አይከፍልም ማለቱ ነው። ከዚህ የበለጠ ነፃ ንግድ የት አለ? የካልካታ ምክር ቤት ተቆጣ። መብታችን ተነካ ብለው ጦርነት ከፈቱበት። እኩል መወዳደርን እንደ ጥቃት ቆጠሩት። በ1764 ቡክሳር ላይ ሚር ቃሲም፣ የአዋድ ናዋብና ንጉሠ ነገሥቱ ሻህ አላም ያቆሙት ጦር ተሸነፈ።

በ1765 ሻህ አላም የቤንጋልን፣ የቢሃርንና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ለኩባንያው ፈረመ። ለእሱ በዓመት 26 መቶ ሺህ ሩፒ ሊደርሰው። በዘመኑ የነበረ አንድ የህንድ ታሪክ ጸሐፊ አህያ ለመሸጥ ከሚፈጀው ጊዜ ባነሰ አለቀ ብሎ ጽፏል።

እስከዚያ ድረስ አውሮፓውያን ለህንድ ጨርቅ በዋናነት የሚከፍሉት ብር ነበር። ሌላ የሚፈለግ ዕቃ አልነበራቸውም፤ ከጋማ ባርኔጣ ብዙም አልራቁም። ከ1765 በኋላ ግን ከቤንጋል ገበሬ በሰበሰቡት ግብር የቤንጋልን ሸማኔ ጨርቅ እየገዙ ወደ ለንደን ጫኑት። የሲፖዩም ደመወዝ ከዚያው ወጣ። በ1770 ቤንጋልን ረሃብ መታት። በ1772 የኩባንያው የቤንጋል ገዥ ዋረን ሄስቲንግስ ለለንደን በላከው ሪፖርት ከሕዝቡ ቢያንስ ሲሶው እንዳለቀ ይገምታል። የ1771 የግብር ገቢ ከረሃቡ በፊት ከነበረው ከ1768ቱ እንኳ እንደበለጠም በዚያው ወረቀት ያሳውቃል።