ለተጎዳ ታጋይ ማጨብጨብ ታከተኝ

ዛሬ የሆዴን ልተንፍስ። ሱሞን፣ የጃፓኖቹን ትግል፣ የማትከታተሉም ብትሆኑ ታገሱኝ፤ ነገሩ ግልጽ ስለሆነ ትረዱኛላችሁ።

ሱሞ በጣም እወዳለሁ። የላይኛው ምድብ ግጥሚያዎች በኢትዮጵያ ሰዓት ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምረው እኩለ ቀን ላይ ስለሚያልቁ፣ ሥራ ያለው ሰው ማታ ነው የሚያያቸው። ማታ ቁጭ ብዬ ስከፍት ታዲያ ከውጤቱ በፊት የምፈልገው ተጎድተው የቀሩትን ዝርዝር ነው። ዛሬ ማን አቋረጠ? ማን በዊልቸር ተወሰደ? መቅረት ሲገባውስ ተመልሶ የመጣው ማነው? ደሜን የሚያፈላው ይሄ የመጨረሻው ነው።

ሰውየው በሦስተኛው ቀን ጉልበቱ ሲታጠፍ በዓይናችን አይተናል። ሲያነክስ ወርዷል። በማግስቱ ግን እግሩን ከጭኑ እስከ ባቱ በፋሻ ጠቅልሎ ይመጣል። ሱሞ ከመጀመሩ በፊት እግር ከፍ አድርጎ መሬቱን የመምታት ሥርዓት አለ። ጤነኛውን እግር ሲያነሳ ሙሉ ክብደቱ በታመመው ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ፊቱን ተመልከቱት። መንጋጋው ይጨመቃል፤ እግሩን ገና ሳያነሳው ይመልሰዋል። ከዚያ ጨው ይበትናል፣ ይቀመጣል፣ 160 ኪሎ የሚመዝን ሰው ደግሞ በሙሉ ኃይሉ ይመጣበታል። ይወድቃል። አዳራሹ ያጨበጭባል። አስተያየት ሰጪው ስለ ጽናቱ ያወራል። ኧረ በሕግ! ይሄን ሰው እቤቱ የሚያስቀር አንድ ሰው ጠፋ?

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። (ወሮቹና ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በዓመት ስድስት ትልልቅ ውድድሮች አሉ። ጥር፣ ግንቦትና መስከረም ቶኪዮ፤ መጋቢት ኦሳካ፤ ሐምሌ ናጎያ፤ ኅዳር ፉኩኦካ። እያንዳንዱ 15 ቀን ነው። የላይኞቹ ሁለት ምድቦች ታጋዮች በየቀኑ ይገጥማሉ፤ የእረፍት ቀን የላቸውም። ስምንት ያሸነፈ ደረጃውን ያስጠብቃል፣ ብዙ ጊዜም ያድጋል፤ ስምንት የተሸነፈ ይወርዳል። የክብደት ምድብ የለም። መድረኩ ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ የሸክላ አፈር ነው፤ ዙሪያውን ፍራሽ አልተነጠፈም። ተገፍቶ የወጣ ሰው ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ አንዳንዴም ፊት ረድፍ የተቀመጠ ተመልካች ላይ ይወድቃል። በውድድሮቹ መካከል ደግሞ በየክፍለ ሀገሩ እየዞሩ ትርኢት ያሳያሉ። ታዲያ ሰውነት መቼ ይድናል?

ዋናው ጉዳይ ግን ይሄ አይደለም። ዋናው ጉዳይ፣ የቀረህበት ቀን እንደተሸነፍክበት ቀን መቆጠሩ ነው። ጅማትህ ተበጥሶ ሆስፒታል ብትተኛም አይለወጥም። አንድ ውድድር ሙሉ ከቀረህ ቁልቁል ትወርዳለህ። ቀዶ ሕክምና አድርገህ ስምንትና አስር ወር ካረፍክ ደግሞ ገና ከሚጀምሩ ልጆች ጋር ራስህን ታገኘዋለህ።

መውረድ ማለት በሱሞ ቁጥር መቀነስ ብቻ አይደለም። ወደ 600 ገደማ ታጋዮች ካሉ የወር ደመወዝ ያላቸው የላይኞቹ 70 ብቻ ናቸው። የሁለተኛው ምድብ ሰው በወር 1.1 ሚሊዮን የን ያገኛል። ከእሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው በየውድድሩ የምትሰጥ ትንሽ አበል እንጂ ደመወዝ የለውም። ትናንት የሐር መታጠቂያ ታጥቆ ይገባ የነበረ ሰው ጥቁር የጥጥ መታጠቂያ ይታጠቃል። የግል ክፍሉን ይለቃል። ልብሱን ይይዙለት፣ ጀርባውን ያጥቡለት የነበሩ ረዳቶቹ ይወሰዱበታል። ከታዳጊዎቹ ጋር ወጥ መሥራትና ማጽዳት ውስጥ ይገባል። ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ይሄን ሁሉ ያስብና ምን ያደርጋል? ፋሻውን ጠቅልሎ ይወጣል። እሱን ጽናት ብለው ሲያሞግሱት ነው አንጀቴ የሚያርረው። የመጣው ደመወዙ እንዳይቀርበት ነው!

እንዲህ ያልነበረበት ጊዜ ነበር እኮ። ከ1972 ጀምሮ መድረክ ላይ የተጎዳ ታጋይ በሐኪም ማስረጃ ቀጣዩን ውድድር ቢቀርም ደረጃው አይነካበትም ነበር። ከ2003 መጨረሻ በኋላ ይሄ መብት ተሰረዘ። ምክንያቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ተጠቃሚው በዛ ተባለ። ቀላሉ ጉዳትም ከባዱም እየተባለ ዝርዝሩ ረዘመ፣ ዋና ዋናዎቹ ታጋዮች እየጠፉ ውድድሩ ሳሳ ተባለ። እሺ፣ ያጭበረበረ ነበር እንበል። አጭበርባሪ አለ ተብሎ ሕክምና ይዘጋል? ማኅበሩ ራሱ ሐኪም መድቦ ማጣራት ይችል ነበር። ደግሞስ ተሰርዞ ምን ተገኘ? ዛሬም ተጎድተው የሚቀሩት ዝርዝር ረጅም ነው። ልዩነቱ ሰዎቹ የሚቀሩት ጉዳቱ ከባሰ በኋላ መሆኑ ነው።

የ2024ቱን የመጋቢት ውድድር ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ታኬሩፉጂ የሚባል የ24 ዓመት ልጅ በላይኛው ምድብ የመጀመሪያ ውድድሩ ነበር። በተከታታይ 11 አሸንፎ ታላቁ ታይሆ በ1960 ያስመዘገበውን ክብረ ወሰን ተጋራ። በ14ኛው ቀን ከአሳኖያማ ጋር ሲገጥም ግን ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ። በእግሩ መሄድ አቅቶት በዊልቸር ወጣ፣ በአምቡላንስ ሆስፒታል ገባ። በማግስቱ ቁርጭምጭሚቱን በፋሻ አጥብቆ መጣና ጎኖያማን ገፍቶ ጣለው። በጠቅላላው 13 አሸንፎ 2 ተሸንፎ ጨረሰ። ከ1914 ወዲህ፣ ከ110 ዓመት በኋላ፣ በመጀመሪያ ውድድሩ ዋንጫ ያነሳ ሰው ሆነ። ኦሳካ አበደች። እውነት ነው፣ ያስለቅስ ነበር።

ግን ማንም የማያነሳውን ልንገራችሁ። በውጤት የሚከተለው ኦኖሳቶ በዚያው ቀን ከታኬሩፉጂ በኋላ ገጥሞ ተሸነፈ። 11 ለ 4 ጨረሰ። ታኬሩፉጂ ሆስፒታል አልጋው ላይ ቢቆይ ኖሮ 12 ለ 3 ይሆን ነበር። ዋንጫው ያኔም የእሱ ነበር! በእርግጥ ጠዋት ላይ ይሄን ማወቅ አይቻልም። ግን የተጎዳ ጅማት ይዞ የወጣበት ግጥሚያ ለዋንጫው ሳያስፈልግ ቀረ ማለት ነው። ዋጋውስ? በግንቦት 15ቱንም ቀን ቀረ፤ በሐምሌ ሁለተኛው ምድብ ውስጥ አገኘነው። ለወራት ያን ቪዲዮ እያዞርን አየን፤ ልጁ ግን እስከ ኅዳር ድረስ በላይኛው ምድብ አልታገለም።

ኪሴኖሳቶን ሳስብ ደግሞ ይብስብኛል። በጥር 2017 ነው 72ኛው ዮኮዙና የሆነው፤ የመጨረሻውን ማዕረግ ማለት ነው። ጃፓን ውስጥ የተወለደ ሰው ዮኮዙና ሳይሆን 19 ዓመት አልፎ ስለነበር አገሩ በደስታ አበደ። በመጋቢት፣ በአዲሱ ማዕረጉ የመጀመሪያ ውድድር፣ 13ኛው ቀን ላይ ሃሩማፉጂ ገፍቶ ከመድረኩ ጣለው። ግራ ደረቱንና ክንዱን ይዞ ሲያቃስት አየነው። ግራ እጁ ደግሞ የሙያው ሁሉ መሠረት ነው፤ ሰው የሚያሸንፈው በእሷ ነበር። በ14ኛው ቀን ወጣ፤ ምንም ሳይታገል ተገፍቶ ተሸነፈ። በ15ኛው ቀን እንደገና ወጣ። አንድ ድል ይመራው የነበረውን ቴሩኖፉጂን መጀመሪያ በመደበኛው፣ ቀጥሎ በመለያው አሸነፈና ዋንጫውን ወሰደ። በዚያች ክንድ!

ሰው ይሄን እንደ ተአምር ያወራል። እኔ የሚታየኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስምንት ተከታታይ ውድድሮችን ወይ ሙሉ በሙሉ ቀረ ወይ ጀምሮ አቋረጠ። ግራ እጁ ወደ ድሮው አልተመለሰም። ዮኮዙና ደረጃው አይወርድም፤ ካልቻለ ጡረታ ነው የሚወጣው። በጥር 2019 በተከታታይ ሦስት ቀን ተሸንፎ በ32 ዓመቱ ተሰናበተ። ያን ዕለት ወስዶ የሚያስቀምጠው አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ዓመት እናየው ነበር?

ይሄ ታሪክ እኮ ከዚያም በፊት ታይቷል። በግንቦት 2001 ታካኖሃና በ14ኛው ቀን ጉልበቱ ተጎድቶ በ15ኛው ወጣና ሙሳሺማሩን በመለያ አሸነፈ። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ኮይዙሚ ዋንጫውን ሲሰጡት ሕመሙን ችሎ በመታገሉ ልባቸው እንደተነካ መድረኩ ላይ ጮኸው ተናገሩ። ጃፓን እስከ ዛሬ ያን ንግግር ያስታውሳል። ታካኖሃና ግን ቀጣዮቹን ሰባት ውድድሮች አልታገለም። አንዴ ጥሩ ተመለሰ፣ ከዚያ በጥር 2003 አበቃለት። የአገር መሪ ያጨበጨበለትን ነገር የ20 ዓመት ልጅ እንዴት እምቢ ይላል? አሰልጣኙስ እንዴት ብሎ ይቀር ይለዋል?

ይሄን ሳነሳ ሁሌ የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው፤ ‹‹ቴሩኖፉጂስ?›› አዎ፣ ቴሩኖፉጂ። ከሞንጎሊያ መጥቶ በ2015 ኦዜኪ ሆነ፣ ከዮኮዙና ቀጥሎ ያለው ማዕረግ። ጉልበቶቹ ከዱት፣ ስኳር በሽታ ተጨመረበት፣ እየቀረ እየቀረ በመጋቢት 2019 አምስተኛው ምድብ ደረሰ። አቆማለሁ ብሎ አሰልጣኙን ደጋግሞ ለምኗል። ከዚያ ተነስቶ በሐምሌ 2020 ዋንጫ በላ፣ በ2021 ዮኮዙና ሆነ፣ በድምሩ 10 ዋንጫ ይዞ በጥር 2025 ተሰናበተ። ከሰውየው በላይ የማከብረው ታጋይ የለም። ግን ስሙን የጨካኝ ደንብ ጠበቃ አታድርጉት። ዮኮዙና ሆኖም ስንቱን ውድድር በጉልበቱና በወገቡ ምክንያት ቀረ? እሱ ስለተመለሰ ነው ስሙን የምናውቀው። በአራተኛውና በአምስተኛው ምድብ ጉልበታቸውን ይዘው፣ የታጋይ ጸጉራቸውን ተቆርጠው የተሰናበቱትን ማን ያውቃቸዋል? ታካኬይሾ እንኳ፣ አራት ዋንጫ ያለውና ኦዜኪ የነበረው፣ አንገቱ አልሆን ብሎት በመስከረም 2024 ሲያቆም ገና 28 ዓመቱ ነበር።

የሂቢኪርዩን ነገር ሳልጽፈው ማለፍ አልችልም። በመጋቢት 2021 በአራተኛው ምድብ ሲታገል በጭንቅላቱ ወደቀ። አልተንቀሳቀሰም። ለበርካታ ደቂቃ በግንባሩ እንደተደፋ ቆየ። ዙሪያው ሰው ቆሟል፤ ሐኪም ግን አጠገቡ የለም። ከአንድ ወር በኋላ በ28 ዓመቱ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከመድረኩ ሥር የሚቀመጥ ሐኪም ለምን አልነበረም? ይሄን ለመጠየቅ ሰው መሞት ነበረበት? በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሌላ ታጋይ በግንባር ግጭት ዞሮበት እየተንገዳገደ እንደገና እንዲገጥም ተደርጓል። ደንቡ የተስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው።

ማረፍ ሲፈቀድ ምን እንደሚሆን ደግሞ በኅዳር 2025 አይተነዋል። ኦኖሳቶ፣ አሁን ዮኮዙና ነው፣ ከሁለት ሰዎች ጋር እኩል እየመራ 15ኛው ቀን ደረሰ። ትከሻው ተጎድቶ ስለነበር ቀረ። በቃ ቀረ። ሊገጥመው የነበረው ሌላው ዮኮዙና ሆሾርዩ ያለ ግጥሚያ አሸነፈ፣ ከዚያ የዩክሬኑ ልጅ አኦኒሺኪ በመለያ ጥሎት የመጀመሪያ ዋንጫውን አነሳ። ውድድሩ ምን ጎደለው? ምንም! ግን ኦኖሳቶ የቀረው ዮኮዙና ስለሆነ ነው፤ ደረጃው አይወርድም። እንደዚያ ማድረግ የሚችሉት አንድና ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ሲያበዙት የዮኮዙና ምክር ቤት አለ፤ በ2020 ሃኩሆንና ካኩርዩን ቀራችሁ ብሎ ማስጠንቀቂያ የሰጠ።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የ1972ቱን መብት መልሱ። አጭበርባሪ ከፈራችሁ ገለልተኛ ሐኪም ይወስን፤ አንድ ውድድር ብቻ ይሁን፤ ለተበጠሰና ለተሰበረ ብቻ ይሁን። በምርመራ የታየ ጉዳት ያለበትን ሰው ደግሞ ራሱ እምቢ ቢል እንኳ የማስቀረት ሥልጣን ለሐኪሙ ይሰጥ። እሱ እንዴት እምቢ አይልም? ልጅ ነው፣ ዋንጫ እጁ ሊገባ ነው፣ አሰልጣኙ እያየው ነው፣ አዳራሹ ስሙን እየጠራ ነው።

‹‹ካልተመቸህ አትይ›› የምትሉኝ፣ ኧረ አያለሁ! የምጽፈውም ስለማይ ነው። ኡራ ያን ሁሉ የጉልበት ጉዳት አልፎ፣ ከአምስተኛው ምድብ ተመልሶ፣ ያን የሚያህለውን ሰው እንዴት አድርጎ ከሥሩ ገብቶ እንደሚጥለው ያየ ሰው ሱሞን አይተውም። እኔ ኡራን ለተጨማሪ አምስት ዓመት ማየት እፈልጋለሁ። ታኬሩፉጂን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ፣ 15ቱንም ቀን፣ ዓመቱን ሙሉ ማየት እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ውድድር ደግሞ አንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ሲያነክስ ሲገባ አዳራሹ ዝም ቢልና አሰልጣኙን ቢያየው ደስ ይለኛል።