«ለሁሉም ይሆናል» ያሉን ዕቃ

ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ሶላር የሚሸጥ ሱቅ ግቡ። ቻርጅ ኮንትሮለሩን፣ ማለትም ከሶላሩ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ሳጥን፣ አንሱና «ይሄ ቁጥሩ የተሞላው ለየትኛው ዓይነት ባትሪ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ለሁሉም ይሆናል። ሰክተው መጠቀም ብቻ ነው።»

ውሸት አይደለም፤ ለሁሉም ሊሆን ይችላል። ግን መጀመሪያ አንድ ሰው ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ ለዚያ ባትሪ፣ ለዚያ ቤት፣ ለዚያ አየር ማስተካከል አለበት። ሻጩ አያውቀውም። ገዢው አልተነገረውም። ማኑዋሉ ወይ በቻይንኛ ነው፣ ወይ ከነጭራሹ ካርቶኑ ውስጥ የለም።

ሶላር ኮንትሮለሩ ብቻ አይደለም። የውሃ ፓምፕ ኢንቨርተር (የሶላሩን ኃይል ለፓምፑ እንዲሆን የሚቀይረው ሳጥን)፣ የጫጩት መፈልፈያ ማሽን፣ የወተት ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም ውስጣቸው ትንሽ ኮምፒውተር አለ። እዚያ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። ስልክ ላይ እንደምንጭነው አፕ አይደለም፤ ፋብሪካ ውስጥ ቺፑ ላይ ተጽፎ ይመጣል። ጥሩ ፈርምዌር ታዲያ ሁሉንም ነገር ራሱ አይወስንም። አንዳንድ ቁጥሮችን ለተጠቃሚው ክፍት ይተዋል። እኔ የምለው አጭር ነው፦ በሕዝብ ገንዘብ የሚገዛ እንዲህ ያለ ዕቃ ሁሉ እነዚያ ቁጥሮች ክፍት ሆነው፣ ከነፓስወርዱና ከነዝርዝራቸው ርክክብ ይደረግበት። አለበለዚያ አይገዛ።

ለምን እንዲህ እንደምል ከባትሪው ልጀምር።

ርካሾቹ ባለ 12 ቮልት ኮንትሮለሮች ብዙ ጊዜ 14.4 ቮልት ላይ «ሞልቷል» ይላሉ። ከዚያ 13.7 ላይ ይዘው ይቆያሉ። ባትሪው 10.7 ሲደርስ መብራቱን ይቆርጣሉ። አሁን 10.7ን ተመልከቱት። የእርሳስ ባትሪ እዚያ ሲደርስ ባዶ ሆኗል ማለት ይቻላል። በየማታው እዚያ ድረስ የሚወርድ ባትሪ ብዙ አይከርምም። ቁጥሩን ወደ 11.5 ከፍ ብታደርጉት መብራቱ ቀደም ብሎ ይጠፋል፤ ባትሪው ግን ዕድሜ ያገኛል። ቤተሰቡ የቱን እንደሚመርጥ ፋብሪካው ሊያውቅ አይችልም። ሁለት አምፖልና አንድ ስልክ ብቻ ያለው ቤት አለ። ቴሌቪዥን የሚያይ ቤትም አለ።

ብርዱ ደግሞ አለ። የባትሪ ቮልት የሚሰላው 25 ዲግሪ ላይ ነው። ባትሪው ከዚያ በታች በቀዘቀዘ ቁጥር ለመሙላት ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል፤ ለ12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ በዲግሪ ወደ 18 ሚሊቮልት ገደማ። ጮቄ ተራራ ሥር ያለ ቤት ውስጥ ባትሪው 10 ዲግሪ ላይ ነው እንበል። ልዩነቱ 15 ዲግሪ ነው። 14.4 የነበረው ወደ 14.67 መጠጋት አለበት። ትንሽ ትመስላለች። ግን በየቀኑ ሳይሞላ የሚያድር ባትሪ ውስጡ ሰልፌት የሚባል ደረቅ ነገር እየጋገረ ይሄዳል፤ አንድ ቀን መያዝ ያቆማል። የሙቀት ሴንሰር ያለው ኮንትሮለር ይህን ራሱ ያስተካክላል። ርካሹ አያስተካክልም፣ ቁጥሩ በእጅ መሞላት አለበት።

ባትሪው ሲሞት ምን እንላለን? «ፎርጅድ ነው» እንላለን። ፎርጅድ ባትሪ ገበያው ላይ መኖሩን አልክድም። ግን ደህናውንም በፋብሪካ ቁጥር ገድለን ስሙን አጥፍተን የምንጥለው ይመስለኛል።

ወደ ውሃው እንምጣ። ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የአንድ ቤት ሳይሆን የቀበሌ ጉዳይ ነው። የሶላር ፓምፕ ኢንቨርተር ውስጥ በርካታ ቁጥሮች አሉ፤ ዋና ዋናዎቹ ከፓስወርድ ጀርባ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ሲያልቅ ፓምፑ ደርቆ እንዳይቃጠል የሚያቆመው ነው። ፓምፑ የሚስበው ኃይል ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ «ውሃ የለም» ብሎ ያቆማል፣ የተሰጠውን ደቂቃ ይጠብቃል፣ እንደገና ይሞክራል። ፓምፑን የተከለው ባለሙያ፣ ተካዩ፣ ይህን ጥቅምት ላይ፣ ውሃው ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ሞልቶት ይሄዳል። ሚያዝያ ላይ ውሃው ይወርዳል። ፓምፑ መቆም ያበዛል። ጉድጓዱ ውስጥ ሊወጣ የሚችል ውሃ እያለ ሴቶች ወደ ምንጭ ይመለሳሉ። የሚያስፈልገው አንዳንዴ የመጠበቂያውን ደቂቃ ማስተካከል ብቻ ነው። ግን ፓስወርዱ የተካዩ ኪስ ውስጥ ነው። ተካዩ አዲስ አበባ ነው። በዚህ መንገድና በዚህ ጊዜ እስኪመጣ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ለጎጃም አንባቢ አልነግረውም።

ሌላም አለ፣ ባጭሩ። ብዙ የኢንቨርተር አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ አቅሙን 1 በመቶ ቀንሱ ይላሉ። አየሩ ሲሳሳ ዕቃው በደንብ አይቀዘቅዝም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፤ ወደ 14 በመቶ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ጅረት ወሰኑን ለከፍታው ዝቅ አድርጎ መሙላት ይቻላል። ማን ነው የሚሞላው?

የጎጃም ገበሬ ማረሻው ጠልቆ ሲገባበት ወይም መሬቱን ሲጭረው ማሰሪያውን አስተካክሎ ይቀጥላል። አንጥረኛው እስኪመጣ በሬ ጠምዶ አይቆምም። ፓምፑ ላይ ግን እንዲቆም ፈርደንበታል።

አንዳንድ ሰው ቁጥሮቹን ክፍት መተው ልዩ ውለታ ይመስለዋል። አይደለም። ዓለም ላይ ፈርምዌር የሚሠራው ቀድሞውንም እንዲለዋወጥ ተደርጎ ነው። ዩቡት የሚባለው ማስነሻ ፕሮግራምም ሆነ ዘፊር የሚባለው ለትንንሽ ቺፖች የተሠራ ሲስተም ኬኮንፊግ የተባለ ዘዴ ይጠቀማሉ። ከሊኑክስ የመጣ ነው። ፕሮግራሙ ከመዘጋጀቱ በፊት «ይህ ይግባ? ያ ይቅር?» እያለ ይጠይቃል፤ መልሱን ይዞ ለዚያ ቦርድ የሚሆነውን ብቻ ይሠራል። ቦርዱ ላይ ምን የት እንዳለ የሚናገር ዲቫይስ ትሪ የሚባል ሌላ ፋይል አለ። ኮዱ አንድ ሆኖ ቦርዱ ብዙ የሚሆነው በዚህ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ዕቃው እየሠራ እያለ የሚቀየረው ነው። የኛ የ10.7 ቁጥር እዚህ ውስጥ ትገባለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለፋብሪካው ይሁኑ። ሦስተኛው ግን የባለቤቱ ነው።

ሰው ይህን መብት ታግሎ ያገኘበት ጊዜም አለ። ሊንክሲስ በፈረንጆች 2002 መጨረሻ ደብሊውአርቲ54ጂ የሚባል ራውተር (ኢንተርኔት የሚያከፋፍል ዕቃ) አወጣ። ውስጡ ሊኑክስ እንዳለ ሰዎች ደረሱበት። የሊኑክስ ፈቃድ ፕሮግራሙን ይዞ የሚሸጥ ሰው ኮዱንም እንዲሰጥ ያስገድዳል። ግፊት ተደረገና በ2003 ኮዱ ተለቀቀ። ከዚያ ተነስቶ በ2004 ኦፕንደብሊውአርቲ ተጀመረ፤ ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ የራውተር ሞዴሎች ላይ ይጫናል። ቀጥሎ በ2014 ኢኤስፒ8266 የሚባለው ርካሽ ዋይፋይ ቺፕ መጣ። ለእሱ የተጻፈው ታስሞታ የትኛው የቺፑ እግር ማብሪያ፣ የትኛው ሪሌ (በቺፑ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) እንደሆነ ኮድ ሳትነኩ እንድትሞሉ ያደርጋል። ዕቃው ራሱ ዋይፋይ ይከፍታል፤ በስልክ ትገናኙታላችሁ፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

«ኢንተርኔት አያስፈልግም» የምትለውን በእኛ አገር ማስመር ያስፈልጋል። አሁን አሁን ብዙ ዕቃ የሚስተካከለው በአፕ ብቻ ነው፤ አፑ ደግሞ ውጭ ያለ ሰርቨር ካላገኘ አይከፈትም። በኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቃ የነበረው ሰው በእጁ የያዘው ግማሽ ዕቃ ነው። በቁልፍ፣ በኬብል ወይም በራሱ ዋይፋይ የማይስተካከል ነገር ለጎጃም አይሆንም።

መብራቱም እንዲሁ። ቁጥር ቀይራችሁ «ሴቭ» ስትሉ መብራት ቢጠፋስ? በደንብ የተሠራ ፈርምዌር ሁለት ቅጂ ይይዛል። አዲሱ በትክክል መጻፉ ሳይረጋገጥ አሮጌውን አይጥልም። በደንብ ያልተሠራው ላይ ግን ቁጥሩ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል፣ ዕቃው ይደነዝዛል። ሙሉ ፈርምዌሩን በአዲስ ሲጽፉበት (ፍላሽ ሲያደርጉት) ደግሞ መብራት ከሄደ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ሱቅ ውስጥ መሞከር ቀላል ነው፦ ቁጥር ቀይሩ፣ ወዲያው ንቀሉት፣ መልሳችሁ ሰኩት። ሻጩ ፊቱን ካጨፈገገ መልሱን አገኛችሁ።

ሰዓቱን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። አንድ ሰው መስኖውን ጠዋት 2 ሰዓት እንዲጀምር ይፈልጋል። ሰዓት ቆጣሪው ላይ 02:00 ይሞላል። ፓምፑ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስቶ ይጮኻል። ጥፋቱ የሰውየው አይደለም፣ ይህ አገር ሰዓት የሚቆጥረው እንደዚያ ነው። ፈርምዌሩ ውስጥ «6 ሰዓት ቀንስ» የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ያልቅ ነበር። እስከዚያው ድረስ የዕቃውን ሰዓት ራሱን በኛ አቆጣጠር መሙላት ይቻላል። ሲነጋ፣ ልክ 12 ሰዓት ላይ 00:00 ይላል፣ ቀኑም ይቀየራል። እንደኛ ልማድ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ስለሆነ ይሄኛው እንዲያውም ደስ ይላል። ችግሩ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ሰዓቱን «ያስተካከለ» ዕለት ነው።

የሚቃወሙኝ አሉ። «ሰው ሁሉ ከነካካው ያበላሸዋል» ይላሉ። እውነት አለው። ሊቲየም ባትሪ ላይ የመጨረሻውን የቮልት ወሰን ማንም እንዲያልፍ አልፈልግም፤ እሳት ነው። እንዲህ ያሉት ተቆልፈው ይቅሩ። ሌላው ለጠጋኝ በፓስወርድ፣ ለተጠቃሚ ደግሞ በቁልፍ ይከፈት። ከተበላሸም ወደ ፋብሪካው ቁጥር መመለሻ አለ። ፓስወርድ መደበቅ ደኅንነት ነው የሚለው ግን አያሳምነኝም። በፈረንጆች 2016 ሚራይ የሚባለው ቫይረስ ካሜራና ራውተር የወረረው ፋብሪካ የሞላቸውን ፓስወርዶች እየሞከረ ነው፤ 60 ገደማ የሚሆኑ በቂ ሆነውለታል። አደጋው ሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት ፓስወርድ ይዞ ሲወጣና ባለቤቱ መቀየር ሳይችል ሲቀር ነው።

ችሎታው የለንም የሚለውንም አልቀበልም። ባሕር ዳር ላይ ፖሊ ቴክኒክ ከተከፈተ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አላት። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። የጫጩት መፈልፈያ የያዙ ወጣቶችም ሴቲንግ መግባት ሳይማሩ ተምረዋል፦ 37.5 ዲግሪ ገደማ፣ እንቁላል ማገላበጥ፣ 18ኛው ቀን ላይ ማቆም፣ 21ኛው ላይ ጫጩት። ሴንሰሩ ከተሳሳተ ስውሩ ሜኑ ውስጥ ገብተው ያርማሉ። ማንም ሰርተፊኬት አልሰጣቸውም፤ በቴሌግራም ነው የተማሩት።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። በየዓመቱ «አውቶማቲክ መስኖ» የሚል የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራል። አርዱይኖ የሚባለው የመማሪያ ቦርድ፣ የእርጥበት ሴንሰር፣ ትንሽ ፓምፕ። የእርጥበቱ ልክ ኮዱ ውስጥ ተቸንክሮ ይቀመጣል። ለመራዊ ቀይ አፈር የሚሆነው ቁጥር ለቢቸና ጥቁር አፈር አይሆንም፤ ለመቀየር ደግሞ ተማሪውን ከነላፕቶፑ መፈለግ ነው። ተመረቀ፣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ወጣ። ቁጥሩን ኮድ ውስጥ የቸነከረ ተማሪ ማርክ ይቀነስበት ባይ ነኝ። ሦስት ቁልፍና ትንሽ ስክሪን ብዙ ብር አይጠይቁም።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የግዥ ዕቅድ ከዚያ በፊት ይዘጋጃል። የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤቶች፣ ዩኒየኖች፣ ጤና ጣቢያዎች ጨረታ ሰነዳቸው ላይ ጥቂት መስመር ይጨምሩ። የተሞሉት ቁጥሮች ዝርዝር በአማርኛ ታትሞ ይሰጥ፣ ላሚኔት ሆኖም የሳጥኑ በር ውስጥ ይለጠፍ። ፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ ለጽሕፈት ቤቱ ይቅረብ። ያለ ኢንተርኔት ይስተካከል። ተካዩ ሳይሄድ ከቀበሌው አንድ ሰው ራሱ ቁጥር ቀይሮ፣ መልሶ ያሳይ። ይህ ሳይሆን የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ።